የሚጮኸው ቺንጋና የምንቀባው ሳሙና

ባለፈው ክረምት ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ ለመጓዝ የተሳፈርንበት አሮጌ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና፣ ሞተሩ እንደተነሣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አሰማ። ነገሩ ለሾፌሩ አዲስ እንዳልሆነ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ረዳቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከመቀመጫ ሥር ያወጣውን የልብስ ሳሙና ቁራጭ በሚሽከረከረው ቺንጋ ጎን ላይ ለጥቂት ሰከንድ አስነካው። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ አለ። ከተሳፋሪው መካከል «ጎበዝ!» ያለ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ካሉት መካከል ነበርን።

ዋቻን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከኮፈኑም ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ። አብራን ከነበሩት አንዷ የታመመ ሕፃን ታቅፋ ወደ ሚዛን ሆስፒታል የምትሄድ እናት ነበረች። ሌላ መኪና እስኪገኝ ድረስ በዝናብ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ቆመች። ጉዳዩን የሾፌሮች ወሬ ብቻ አድርገን ያላለፍነው ስለዚህ ነው። ከሁሉ በላይ ያሳፈረን ደግሞ ሰበቃን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን፣ በዩኒቨርሲቲም ተፈትነን ያለፍን ሰዎች ሆነን ሳለ ሳሙናው ምን እንዳደረገ ለአንድ አፍታ እንኳ አለማሰባችን ነው።

ለመሆኑ ቺንጋ ለምን ይጮኻል? ውድ አንባቢያን፣ መልሱን የማሲንቆ ተጫዋች ዘንድ ታገኙታላችሁ። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ በክሩ ላይ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ሙጫ ሲቀባ ግን ጭራው ክሩን ይዞ ጥቂት ይጎትተዋል፤ የክሩ ውጥረት ሲበረታ ክሩ ያመልጣል፤ ወዲያው እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ እንሰማለን። ምክንያቱም ነገሮች ሳይንሸራተቱ ሲቀሩ የሚይዛቸው ሰበቃ፣ መንሸራተት ከጀመሩ በኋላ ካለው ሰበቃ ስለሚበልጥ ነው። የመኪናው ቺንጋም በፑሊው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ጩኸቱ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ ቺንጋው መያዝ ሲገባው እየተንሸራተተ ነው።

ቺንጋ ምን ያህል ሊይዝ እንደሚችል የሚያሰላውን ቀመር የምናገኘው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ስዊዘርላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው። በተወጠረው ወገንና በላላው ወገን መካከል ሊኖር የሚችለው የውጥረት ልዩነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በሰበቃው ኮፊሸንትና ቺንጋው ፑሊውን ባቀፈበት ማዕዘን። የሁለቱ ብዜት የኢ ኃይል ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩን እንሥራው። ኮፊሸንቱ 0.3 ቢሆንና ቺንጋው የፑሊውን ግማሽ ዙሪያ ማለትም 180 ዲግሪ ቢያቅፍ፣ ጠፍጣፋ ቺንጋ በተወጠረው ወገን ከላላው ወገን 2.6 እጥፍ ያህል ሊጎትት ይችላል። የአሮጌ መኪናው ቺንጋ ግን ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ሽብልቅ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ በሁለት ጎኖቹ ይጣበቃል። የጎድጓዳው ማዕዘን 38 ዲግሪ ከሆነ ሽብልቁ ሰበቃውን በ3 እጥፍ ያህል ስለሚያበረታው፣ 2.6 የነበረው ቁጥር ወደ 18 ይዘልላል። ተማሪዎች ይህን በካልኩሌተር ቢያረጋግጡልን ደስ ይለናል።

አሁን ሳሙናውን እንጨምርበት። ሳሙና ኮፊሸንቱን በግማሽ ቀንሶ 0.15 አደረሰው እንበል። ያን ጊዜ 18 የነበረው ቁጥር ወደ 9 ሳይሆን ወደ 4 ገደማ ይወርዳል፤ የኢ ኃይል ጠባዩ እንዲህ ነውና። ቺንጋው መያዝ ስላቆመ መያዝና ማምለጡ ቀረ፤ ጩኸቱም አብሮ ቀረ። በጸጥታ እየተንሸራተተ ግን የውሃ ፓምፑን እንደሚገባ አያዞርም፤ ዲናሞውም ባትሪውን አይሞላም። ውሃው ካልዞረ ሞተሩ ይግላል፤ ሞተሩ ከጋለ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ሲብስም ቴስታታው ይጣመማል። በጥቂት ደቂቃ ሊስተካከል የሚችል ነገር ሞተር አስወርዶ ለብዙ ሺህ ብር ወጪ ይዳርጋል። የእኛ ረዳት የገደለው ችግሩን ሳይሆን ችግሩን የሚያመለክተውን ድምፅ ነበር።

በሚዛንና በቴፒ አካባቢ «ጩኸቱ ከእርጥበቱ ነው» የሚል ማብራሪያ ይዘወተራል። ፍጹም ሐሰት ነው አንልም። ዝናቡ የማያባራበት አገር ነው፤ ሌሊቱን በጎኖቹ ላይ ጤዛ የያዘ ላስቲክ ጠዋት አያያዙ ይለወጣል። ከዚህም ጋር ሞተር በተነሣ ማግሥት ዲናሞው የተዳከመውን ባትሪ ለመሙላት ስለሚከብድ ቺንጋው ከባድ ሸክም የሚጠብቀው በዚያው ሰዓት ነው። ነገር ግን በትክክል የተወጠረና ያላረጀ ቺንጋ ይህን ሁሉ ይችላል። እርጥበቱ የሚያጋልጠው አስቀድሞ የላላውን ነው።

ውሃ እንዲያውም መመርመሪያ ሊሆን ይችላል። በሚዞረው ቺንጋ ላይ ከርቀት ጥቂት ንጹሕ ውሃ ሲረጭበት ጩኸቱ ቢብስ፣ ቺንጋው ላልቷል ማለት ነው። ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ቢመለስ ደግሞ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ያመለክታል። ይህን የሚሞክር ሰው እጁን፣ እጅጌውንና ነጠላውን ከሚዞረው ነገር ያርቅ። ረዳቱ ሳሙናውን ይዞ ሲጠጋ የእኛ ልብ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም።

የውጥረቱ መለኪያ የመካኒኩ አውራ ጣት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሁለት ፑሊዎች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍል መሐሉ ላይ በጣት ይጫናል። ትክክለኛው ልክ በየመኪናው መመሪያ ላይ ቢሰፍርም፣ በብዙ አሮጌ መኪኖች በ10 ኪሎ ግራም ገደማ ጫና 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መጉበጥ ይጠበቃል። ይህን ዘዴ እንደ ግምት የሚንቁ ምሩቃን አጋጥመውናል። እስቲ ኃይሎቹን በትነው ያስሉት፤ ክፍሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የቺንጋው ውጥረት 750 ኒውተን ገደማ ሆኖ ያገኙታል። መካኒኩ ቀመሩን ሳይጽፍ የሚለካው ይህንኑ ነው። እኛ ደግሞ ቀመሩን ጽፈን ኮፈን ከፍተን አናውቅም።

ከልክ በላይ ማጥበቅም ሌላው ጥፋት ነው፤ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። የቺንጋው ጎኖች እንደ መስተዋት ካብለጨለጩ ላስቲኩ በሙቀት ደርቋልና ውጥረት አያድነውም። የጎድጓዳው ወለል ራሱ ካብለጨለጨ ደግሞ ቺንጋው ተበልቶ ወለሉን ነክቷል፤ ሽብልቅነቱ ቀርቷል፤ በ18 ፈንታ ወደ 2.6 ተመልሰናል ማለት ነው። «ቺንጋ ርካሽ ነው፣ ይለወጥ» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ሆኖም ፑሊው ከተጣመመ ወይም ኩሽኔታው ካለቀ አዲሱም በሳምንቱ ይጮኻል።

ይህ ሁሉ በመኪና ብቻ የሚቆም አይደለም። በዚሁ አገር ወፍጮ ቤቱም የእሸት ቡና መፈልፈያውም በሞተርና በቺንጋ ይሠራሉ። የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። በለቀማ ወቅት ማታ ላይ ቺንጋው በጸጥታ የሚንሸራተትበት መፈልፈያ የስንት ገበሬ የቀን ድካም እንደሚያበላሽ መገመት አያዳግትም።

አሮጌዎቹ መኪኖችም ከእኛ ጋር ገና ይቆያሉ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የውሳኔዎቹን ጥቅምና ጉዳት ለኢኮኖሚስቶች እንተወው። ከአዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በሚዛንና ከዚያም ባሻገር በቴፒ ያለው ባለ መኪና ግን ያለችውን ጠግኖ ከመንዳት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። ሳሙና የቀባውን ሾፌር ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም፤ መለዋወጫ ፍለጋ መኪና ማቆም የዕለት ገቢ ማጣት ነውና። ጋራዥ እስኪደርስ ቢቀባው እንኳ ከዓይኑ ሙቀት ጠቋሚውን ባያጠፋ፣ እንደደረሰም ቢያስፈትሸው ባልተጣላነው ነበር።

የእኛ ጥያቄ ለራሳችን ነው። የፊዚክስ መምህራን ስለ ሰበቃ ሲያስተምሩ በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት የእንጨት ብሎክ ይስላሉ፤ ብሎኩን ግን ማንም ተማሪ ከክፍል ውጪ አግኝቶት አያውቅም። ለምን አንድ ክፍለ ጊዜ ወፍጮ ቤት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ጋራዥ አይሆንም? የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከግቢው ወጥቶ ወፍጮም፣ መፈልፈያም፣ የሚያለቅስ መኪናም ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። መካኒኩም ተጋብዞ ክፍል ይግባ፤ አውራ ጣቱ ለምን ትክክል እንደሆነ ቢነገረው ደስ እንደሚለው እኛ በዓይናችን አይተናል።

ያን ቀን ከሺሺንዳ በኩል የመጣ አንድ መካኒክ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ቺንጋውን በጣቱ ተጫነው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ጎበጠ። የዲናሞው ማስተካከያ ብሎን ላልቶ ነበር። ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ጎኖቹን አድርቆ፣ ዲናሞውን በብረት ዘንግ ወደ ውጭ ገፍቶ ብሎኑን በ12 ቁልፍ አጠበቀው። ራዲያተሩ ውሃ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሣ ምንም ድምፅ አልተሰማም። እናቲቱ በሌላ መኪና ከሄደች ግማሽ ሰዓት ሆኗት ነበር።