ለራስ ምታት ሁሉ ማሽን?

መርካቶ ውሎ ራሱን ያላመመው ሰው ካለ እድለኛ ነው። ከንጋት ጀምሮ የጫኝና አውራጁ ጩኸት፣ የበርበሬ በረንዳ ብናኝ፣ የምናለሽ ተራ የብረት ቅጥቀጣ፣ ባዶ ሆድ ላይ የሚደራረብ ቡና፣ ማታ ደግሞ የዱቤና የግብር ሐሳብ አለ። እናቶቻችን ለዚህ ሕመም ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያስሩ፣ ዳማከሴ አሽተው ያሸትቱ ነበር። ዛሬ ከሸማ ተራ እስከ አመዴ የምሰማው «ኤምአርአይ ልነሳ»፣ ማለትም የአንጎሌን ምስል በማሽን ልነሳ፣ የሚለውን ነው። ሐኪሙ ጠይቆና መርምሮ «ማሽን አያስፈልግህም» ካለ «እንኳን ሊያክመኝ አላየኝም» ተብሎ ይታማል። የዚህ ሁሉ ሥሩ «ማሽን አይዋሽም» የሚለው እምነት ነው። ማሽኑ እውነትም አይዋሽም። ነገር ግን ማንም ያልጠየቀውን ጭምር ያሳያል፤ ያ ያልተጠየቀ ነገር ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አስቀድሞ የሚናገር የለም።

አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሸጡ ሰው ናቸው። አምና ራስ ምታቱ ሲመላለስባቸው፣ እቁብ ወጥቶላቸው ስለነበር ለሱቁ ዕቃ ሊገዙበት ያሰቡትን ብር ይዘው ሄደው ተነሱ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በፖስታ ተሰጣቸው። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ «ጭንቅላትዎ ውስጥ ነጠብጣብ ታይቷል፤ ሐኪም ያሳዩ» ብሎ ሸኛቸው። እሳቸው እጢ ነው ብለው ደመደሙ። ልጆቻቸውን ሰብስበው የሱቁን ቁልፍ አስረከቡ፤ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት አስጻፉ። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ወረቀቱን በመጨረሻ ለማውቀው ሐኪም ወስጄ አስነበብኩ። ነጭ በሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቃቅን ለውጦች እንዳሉና የሳይነሱ (በአፍንጫ ዙሪያ ያለው ክፍተት) ሽፋን በመጠኑ እንደወፈረ ነው የሚለው። ሐኪሙ መልሶ የጠየቀኝ «ግፊታቸው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ማንም ለክቷቸው አያውቅም ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲለኩ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የታተመ የሆላንድ ጥናት በሮተርዳም የሚኖሩ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 2,000 ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ አየ። የተነሱት አሟቸው አልነበረም፤ ለጥናቱ ብለው ነው። ከመቶው ሰባቱ ሳያውቁት ትንሽ ስትሮክ አልፎባቸው ነበር። ከመቶ ወደ ሁለት በሚጠጉት የደም ሥር እብጠት፣ ከመቶ 1.6 በሚሆኑት ደግሞ አደገኛ ያልሆነ እጢ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከእድሜና ከግፊት ጋር የሚመጡትን ለውጦች ሳይጨምር፣ ከ37 ሰው በአንዱ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል የሚል ውጤት ወጣ። ስለዚህ አውቶቡስ ተራ የቆመ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ ወስዳችሁ ብታስነሱ፣ «አንድ ነገር ታይቷል» የሚባል ሰው ከመካከላቸው ቢገኝ አያስገርምም። አብዛኛው ግኝት ሰውየውን እስከ ዕለተ ሞቱ ላያስቸግረው ይችላል። ጭንቀቱ ግን ፖስታው ከተከፈተበት ቀን ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ቁጥሮች የማን ናቸው? መቶኛዎቹ የሮተርዳም ነዋሪዎች ናቸው፤ የእኛ አይደሉም። አሜሪካኖች ይህ ክፍተት ስለገባቸው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ ከ16,000 በላይ የሂስፓኒክና የላቲኖ ተወላጆችን መዝግበው ጤናቸውን መከታተል ጀመሩ፤ በኋላም ከፊሎቹን አንጎላቸውን በኤምአርአይ አዩ። ምክንያታቸው ተገቢ ነው፤ የአንዱ ሕዝብ «የተለመደ» ለሌላው የተለመደ ላይሆን ይችላል። በላቲን አሜሪካ ብዙ አገሮች ከአሳማ የሚመጣ የኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ትቶ መገኘቱ የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ሰው አሳማ አይበላም፤ በጥሬ ሥጋና በክትፎ የሚመጣው የከብቱ ኮሶ ደግሞ ወደ አንጎል አይሄድም። በአንጻሩ የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ሐኪም ምስል ሲያነብ የአንጎል ቲቢን መርሳት አይችልም። የመርካቶ ተሸካሚ ምስል ከመርካቶ ሕይወት ጋር መነበብ አለበት። ለዚህ ደግሞ ታማሚውን ያነጋገረ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ምስሉን ብቻ ያየ ሰው አይበቃም።

«እጢ ቢሆንስ? ቢያመልጠንስ?» የሚሉኝን እሰማለሁ። ጥያቄው የፍርሃት ስለሆነ አልንቀውም። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ ወይም እግር የሚያዝል፣ ዓይን የሚያጠፋ፣ የሚጥል በሽታ ያስከተለ፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ ወይም ኤችአይቪ አለዚያም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ የተነሳ ከሆነ አንድ ቀን ማደር የለበትም፤ ምርመራው ይታዘዝ። እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት ተራ ራስ ምታት ግን ምስል አታንሱ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የመከረው የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ራሱ ነው። ኑሯቸው ምስል ማንበብ የሆነ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። በአገራችን በተደረገ የማኅበረሰብ ጥናትም ከመቶ አዋቂ 17 የሚሆኑት ማይግሬን፣ 20 የሚሆኑት ደግሞ ከውጥረት የሚመጣ ራስ ምታት በዓመት ውስጥ እንደሚያማቸው ታይቷል። ሁለቱም የሚታወቁት ታማሚውን በደንብ በመጠየቅ ነው።

ሐኪሞቻችንን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ታማሚው ይገፋፋል፣ በብድር የተገዛ ማሽን ሥራ ፈትቶ እንዲቆም የሚፈልግ ባለቤትም የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ጥቂት ሐኪሞች ነጠብጣብ አስጨንቆት የመጣውን ሰው ሁሉ ሲያረጋጉ፣ እውነተኛ እጢ ይዞ ከክፍለ አገር የመጣው ወረፋው ይርቅበታል።

የሚያናድደኝ ደግሞ በምስሉ ላይ በብዛት ከሚታየው ለውጥ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ያለዚህ ማሽን መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ አዋቂ 16 ገደማው የደም ግፊት እንዳለበት ታወቀ። ብዙዎቹ ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊት ራስ ምታት እንኳ ሳያመጣ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳልና። ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ። አጎቴ ለማሽኑ እቁባቸውን ሲከፍሉ ያንን የሚያስርላቸው አላገኙም።

ስለዚህ ምርመራ የምታዙ ሐኪሞች ሆይ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ግፊት ለኩ፤ ያልተጠበቀ ነገር ሊገኝ እንደሚችልም በአማርኛ ንገሩ። የምታነሱም ፖስታውን በመስኮት አትስጡ፤ ቃሉን የሚያስረዳ ሰው አስቀምጡ። አንተም መርካቶ የምትውል ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ እቁባችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን «ምን ፈልገህ ነው የምታስነሳኝ? ሌላ ነገር ቢገኝስ ማን ይከታተለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ብሩን አትክፈሉ።