አምስት ደቂቃ ጄል ነርቭ አያድንም

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጇ ደንዝዞባት የምትነቃ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እጇን የምታራግፍ ሴት በየሰፈሩ አለች። ዕድሜዋን እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስትጨምቅ፣ የሰው ፀጉር ስትሠራ የኖረች ናት። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሀል ጣቷ ይጠዘጥዛታል፤ ሲኒ ከእጇ ያመልጣታል። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላታል። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ግን ሕመሙ ስም አለው፦ ካርፓል ተነል ሲንድረም። ከዚያስ? አንዳንድ ቦታ የሚሰጣት መልስ «10 ቀን አልትራሳውንድ» ነው።

ይህ አልትራሳውንድ ፅንስ የሚያሳየው ማሽን አይደለም። ምስል የለውም፤ ጄል በተቀባ ቆዳ ላይ እየተንሸራተተ የድምፅ ሞገድ ወደ ውስጥ ይልካል። ሞገዱ እብጠት ይቀንሳል፣ ነርቭ እንዲያገግም ይረዳል ይባላል። ክርክሩም «ይባላል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ለዚህ ሕክምና የሚሟገቱ ባለሙያዎች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከቪየና የወጣ ጥናት ነው። ሁለቱም እጆቻቸው የሚያማቸውን 45 ሰዎች ወስዶ አንዱን እጅ በእውነተኛ ሞገድ፣ ሌላውን ሞገድ በማይወጣው ማሽን አከመ። ከ6 ወር በኋላ እውነተኛውን ካገኙት እጆች 74 በመቶው በደንብ ተሽሏቸዋል፤ በሌላው በኩል 20 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ ያማልላል።

ነገር ግን እዚያ የተሰጠው ሕክምና ምን ነበር? በእያንዳንዱ ቀጠሮ 15 ደቂቃ፣ በ7 ሳምንት ውስጥ 20 ቀጠሮ። በዚያው ዓመት ቱርክ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ 5 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ2 ሳምንት ሰጥቶ ከአስመሳዩ ማሽን የተለየ ውጤት አላገኘም። በቪየና ስም 10 ቀን፣ አምስት አምስት ደቂቃ የሚሰጥ ክሊኒክ እንግዲህ የሚሸጠው የቪየናን ሕክምና ሳይሆን ያልሠራውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. 11 ጥናቶችን፣ በድምሩ 414 ተሳታፊዎችን መረመረ። ድምዳሜው ቁጥብ ነበር፦ ከአስመሳይ ሕክምና ሊሻል ይችል ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ጥቂትና ጥራቱም ደካማ ነው። በዚህ ላይ ቆሞ «ይድናል» ብሎ ቃል መግባት ድፍረት ነው።

«ቢያንስ አይጎዳም እኮ!» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ ማሽኑ ራሱ እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው የሚባክነው ጊዜ ነው። ነርቩ በእጅ አንጓ ውስጥ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጣቦ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ጫናው ከበረታና ከቆየ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ደግሞ ከቀዶ ጥገና በኋላም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ያኔ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የታክሲውና ከሥራ የቀረችበት ቀንም በዚያው ላይ ይደመራል።

ቀላሉ መንገድ ሳይሞከር ማሽኑ ለምን ይቀድማል? ሕመሙ ገና ቀላል ሲሆን ማታ ማታ የእጅ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር አለ፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ቤት ተኝተው የሚታከሙበት ነው። የስቴሮይድ መርፌ አለ፤ ለጊዜው በደንብ ያስታግሳል። ስኳር፣ የታይሮይድ ችግርና የመገጣጠሚያ ሕመም ከጀርባ እንዳይኖሩ ማየት አለ። በእርግዝና የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። ካልሆነም ቀዶ ጥገና አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ በ176 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከ18 ወር በኋላ በቀዶ ጥገና ከታከሙት 90 በመቶው፣ በድጋፍ ከጀመሩት 75 በመቶው እንደተሻላቸው አሳይቷል። 

ፊዚዮቴራፒስቱ ጠላት አይደለም። ድጋፉን የሚያስተካክለው፣ የሥራ አያያዝ የሚያስተምረው፣ የጡንቻውን ጉልበት ለክቶ «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ማለት የሚችለው እሱ ነው። ይህ ሙያ ጄል ቀብቶ ሰዓት ከመቁጠር በላይ ነው፤ ባለሙያው ራሱ ሊቆጣለት ይገባል።

ታማሚዋም ከመክፈሏ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ስንት ደቂቃ? ስንት ጊዜ? ካልተሻለኝስ በስንተኛው ሳምንት ወዴት ነው የምትልኩኝ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ክሊኒክ እጇን ይዞ እየጠበቀ ያለው ጡንቻዋ እስኪሟሽሽ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለነርቭም ይሠራል።