ኩሽኔታ የማይገዛ የምርምር ሕግ

የቴክኖሎጂ ምርምርንና ፈጠራን ስለሚያበረታታ ሕግ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ገንዘብ ላይ ያርፋል። የአፍሪካ መሪዎች በ1999 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ ጥሪ አድርገዋል። እኛ ዛሬም ከዚያ ሩቅ ነን። እኔ ግን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ወርክሾፕ ውስጥ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝና ያችው የተመደበችው ገንዘብ እንኳ እንዴት ሳይሠራባት እንደምትመለስ አያለሁ። የሚረቀቅ ሕግ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቢያይልኝ እወዳለሁ።

የምንሠራው የጤፍ መውቂያ ነው። ጤፍ እንደ ስንዴ አይደለም። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ የማሽኑ ነፋስ ትንሽ ከበረታ ከእብቁ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ ከደከመ ደግሞ እብቁ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የከበሮውን ፍጥነት፣ የወንፊቱን ቀዳዳ፣ የፑሌጃውን መጠን እየቀያየሩ መሞከር ነው ሥራው። መሞከር የሚቻለው ነዶ ሲኖር ነው፤ ማለትም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ወደ ኮሌጁ ተከፋፍሎ፣ ኮዱ ገብቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ መስቀል አልፏል። ከዚያ የግዥ ጥያቄ ይሞላል፣ ዝርዝር መግለጫ ይጻፋል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል። ኩሽኔታው ሲመጣ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ይሁን፣ ለከርሞ እንሞክራለን ብንል ደግሞ ሰኔ 30 አለ፤ ያልወጣው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በሐምሌ ሁሉም ነገር እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከቀኑ ይልቅ የሚከፋው ግን ዝርዝር መግለጫው ነው። የግዥ ሠራተኛዋ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ» ትለኛለች። 6205 ብዬ እጽፋለሁ፤ ለ25 ሚሊሜትር ሻፍት የሚሆነው እሱ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ ሻፍቱ ሲንቀጠቀጥ 30 ሚሊሜትር እንደሚያስፈልግ ይታወቃል፤ ያ ደግሞ 6206 ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ በግማሽ ቀን ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ለእኛ ግን አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ፕሮፎርማ፣ አዲስ ኮሚቴ። የግዥ ሕጋችን የምትፈልገውን አስቀድመህ ዕወቅ ይላል። እኛ የምንመራመረው ደግሞ ስለማናውቅ ነው። ለጠረጴዛና ለወረቀት ግዥ ሥርዓቱ ምንም አይወጣለትም፤ ለምርምር ግን እጅን ያስራል።

ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ከኪሳቸው ይገዛሉ። ወይም ሦስቱንም ፕሮፎርማ ከአንድ ሱቅ ያስጽፋሉ፤ ይህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። ሌብነትን ይከላከላል የተባለ ደንብ ንጹሑን ሰው ትንንሽ ውሸት ያለማምደዋል።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ የሚታይ ነገር ሠርተዋል። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ፣ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የፈጠራና የተወዳዳሪነት ሕግ ከትልልቆቹ ዓላማዎች መካከል አንዲት ትንሽ አንቀጽ ይዟል፦ በብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽንና በናሳ ድጋፍ የሚሠራ ተመራማሪ እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ ዕቃ ዋጋ ሳያወዳድር እንዲገዛ የምትፈቅድ። የፋውንዴሽኑ የምርምር ገንዘብም በአንድ ዓመት አይዘጋም፤ ለሁለት ዓመት ሥራ ላይ እንዲውል ሆኖ ነው የሚመደበው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቺፕስና የሳይንስ ሕግ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ስሙ ገንኗል። ያም ሆኖ ለፋውንዴሽኑ በ2024 የበጀት ዓመት ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈቅዶ ሳለ ኮንግረስ የመደበው ወደ 9 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ትልቁ ቁጥር ወረቀት ላይ ቀረ፤ ትንሿ አንቀጽ ግን በየላቦራቶሪው ትሠራለች።

እኛም ዘንድ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ ለአነስተኛ ፈጠራ ሳይቀር የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን የሚመዘገበው ተፈትኖ የተገኘ ነገር ነው፤ የእኛ ችግር ከዚያ በፊት ነው።

ጊዜን በተመለከተ ጤፍ ራሱ ይመስክር። የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ዶ/ር ታረቀ በርሄ ደርሰውበት ማዳቀል የተቻለው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተዳቀለው፣ ዛሬ ገበሬው ቁንጮ እያለ የሚጠራው ዝርያ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት አለ። ማዕከሉ የራሱ ማሳና ከዓመት ዓመት የሚቆዩ ሰዎች ስለነበሩት እንጂ፣ በየሰኔው ተዘግቶ በየሐምሌው ከሀ የሚጀምር ሥራ ቢሆን ኖሮ ቁንጮ ባልኖረም ነበር።

«ተመራማሪው ገንዘቡን ቢበላውስ?» የሚለው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ምክር ቤት ፊት የሚያቀርባቸውን ሪፖርቶች የሰማ ሰው ያልተወራረደ ሂሳብ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም ቁጥጥር ይቅር አላልኩም፤ ከግዥ በፊት የነበረው ከግዥ በኋላ ይሁን ነው የምለው። ለአንድ ፕሮጀክት የተወሰነ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ከጣሪያው በታች ተመራማሪው በደረሰኝ ይግዛ፤ ኦዲተር መጥቶ ደረሰኙን ከማሽኑ ጋር ያመሳክር። ኩሽኔታው ማሽኑ ላይ ከሌለ ይጠየቅ፣ ይክፈል። ገንዘቡም በበጀት ዓመቱ ሳይሆን በፕሮጀክቱ ዕድሜ ይለካ።

ይህ ሁሉ በፈጠራ ሕጉ ብቻ ቢጻፍ ግን አይበቃም። ያቺ የግዥ ሠራተኛ የምትጠየቀው በፋይናንስ መመሪያው ነው፤ እሷን ስለ ፈጠራ አዋጅ የሚጠይቃት ኦዲተር የለም። ስለዚህ አንቀጹ በፋይናንስ አስተዳደርና በግዥ አዋጆች ውስጥም በግልጽ ይግባ። ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብም ፕሮፌሰሮችና የኩባንያ ባለቤቶች ብቻ አይጠሩ። የግዥ ክፍል ሠራተኞችንና ኦዲተሮችን ጋብዙ፤ የትኛው መስመር ፊርማቸውን እንደሚይዘው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።