እንዶዱ ነው ወይስ ሳሙናው?

በአምበርም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሳሙና እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲመታም አረፋ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱና፣ ይኸው የልብስ ማጠቢያ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ።

እንግዲህ ከአምበር የመጣች አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ እንዶድ ለቅማ፣ የፍሬውን ንጥር ከፊት መታጠቢያ ጋር ቀላቅላ በብጉር ባክቴሪያ ላይ ልትፈትን ተነሣች እንበል። ሐሳቧን እደግፋለሁ። ለብጉር የሚቀቡትን ክሊንዳማይሲንንና ኤሪትሮማይሲንን ባክቴሪያው በብዙ አገሮች ተላምዷቸዋልና አማራጭ መፈለግ የቅንጦት ሥራ አይደለም። የምሠጋው ስለ አፈታተኑ ነው።

የተለመደው አሠራር ባክቴሪያውን በአጋር ሳህን ላይ መዝራት፣ አጋሩን በስቶ ንጥር የተቀላቀለበትን መታጠቢያ መጨመር፣ ከዚያም ባክቴሪያ ያላደገበትን ክብ በማስመሪያ መለካት ነው። ክቡ ሰፋ ካለ «እንዶድ ብጉርን ያጠፋል» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ገዳዩ ማን ነው? መታጠቢያው ራሱ ቅባት የሚያሟሙና ከብልሽት የሚጠብቁ ኬሚካሎች ያሉበት በመሆኑ፣ አንዳች ዕፅ ሳይገባበት ባክቴሪያን ሊገድል ይችላል። ንጥሩ የወጣበት አልኮልም እንዲሁ። ስለዚህ እንዶድ የሌለበት ያው መታጠቢያ፣ እንዲሁም አልኮሉ ብቻውን፣ ጎን ለጎን ሊፈተኑ ግድ ነው። ክቦቹ እኩል ከሆኑ እንዶዱ የጨመረው ነገር የለም፤ ይህም ቢሆን ሊጻፍ የሚገባው ውጤት ነው።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። በሳህን ላይ ንጥሩ ከባክቴሪያው ጋር ለቀናት ይቆያል፤ መታጠቢያ ፊታችን ላይ የሚቆየው ግን አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ባክቴሪያውን ከመታጠቢያው ጋር ለዚያችው ደቂቃ አገናኝቶ የተረፉትን መቁጠር ከክብ ልኬት ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ለዚያውም ባክቴሪያው ትክክለኛው ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ስሙ ተለውጦ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ይህ ተሕዋስ ኦክስጅን ስለማይስማማው በደንብ የሚያድገው አየር በታገደበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ ዕቃው ሲታጣ ስታፊሎኮከስን መተካት ይዘወተራል። ይተካ፤ ርዕሱ ላይ ግን «ብጉር አምጪ» አይባል።

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ቲ ትሪ ከተባለው ዛፍ የሚወጣውን ዘይት፣ 5 በመቶ አድርጎ፣ በ124 ሕሙማን ላይ ከ5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር አነጻጽሯል። ሁለቱም ብጉርን ቀንሰዋል፤ ዘይቱ ቢዘገይም ቆዳን ያስቆጣው ያነሰ ነበር። ያ ግን ተቀብቶ የሚቆይ እንጂ ታጥቦ የሚወርድ አልነበረም።

እንዶድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን ይቀድዳል፤ ቀይ የደም ሕዋስንም አይምርም። እንዶድ ወቅጣ የምታውቅ እናት ማስነጠሱን ትነግረናለች። ዓይን አጠገብ ለሚደርስ ነገር በሳህን ላይ መግደሉ ብቻ ምስክር አይሆነውም፤ ቆዳን ማስቆጣቱም ሊፈተን ይገባል።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን የምርምር ገምጋሚዎች አንድ ልመና አለኝ፦ እንዶድ የሌለበትን ሳህን ያላካተተ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ለተማሪው መልሱለት። የሚጨምረው ወጪ ጥቂት አጋር ነው።