ሐዘን የበደል ፈቃድ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በቅርቡ እዚህ ነቀምቴ በማደሪያ ክፍላችን በ2013 ዓ.ም. የወጣውን «ዋንዳቪዥን» የተባለ ተከታታይ ፊልም ከጓደኞቼ ጋር ተመለከትሁ። ሲያልቅ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድም «ምን ታድርግ? ሐዘን እኮ ነው» አለ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታችን ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዋንዳ ታላቅ ኃይል ያላት ጀግና ናት። የምትወደው ቪዥን ከሞተባት በኋላ ሐዘኗ ገንፍሎ ዌስትቪው የተባለችውን ትንሽ ከተማ በአስማት አጥር ትዘጋለች። ነዋሪዎቹ ስማቸውንና ፈቃዳቸውን ተነጥቀው እርሷ ለፈጠረችው የደስታ ኑሮ ማድመቂያ ይሆናሉ፤ ሲተኙም የእርሷን ቅዠት ያያሉ። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ክፍል አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇ ከተዘጋችበት ክፍል እንድትወጣላት ትለማመጣለች። ሌሎቹም ካልለቀቅሽን እንሙት ይሏታል።

ዋንዳ በመጨረሻ አጥሩን ታፈርሳለች፤ ከእርሱም ጋር ቪዥንንና ልጆቿን ታጣለች። ሕመሟ እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስትሰናበት ይቅርታ የምትጠይቀው ሞኒካ የተባለችውን ወዳጇን ነው። ሞኒካም ሕዝቡ የከፈለችላቸውን መሥዋዕት መቼም እንደማያውቁላት ነግራ ታጽናናታለች። የሰረቀውን የመለሰ ሰው መሥዋዕት ከፈለ ይባላልን? ሞኒካ ራሷ በዚያ አስማት ተጎድታለች፤ ስለ ራሷ ይቅር ልትል ትችላለች። ስለዚያች እናት ግን ይቅር የምትል ማን አድርጓት ነው?

የድርሰቱ ድካምና የሥነ ምግባሩ ድካም እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የተበዳዮችን ጩኸት ራሳቸው አሰምተውን መልሱን ሸሹ። ጠንቋዪቱን አጋታንና ሄይዋርድ የተባለውን ባለሥልጣን ከዋንዳ የከፉ አድርገው በማቅረብ ዓይናችንን ከእርሷ ላይ አነሡ። ይባስ ብሎ ዋንዳ አጋታን የምትቀጣት ፈቃዷን ነጥቃ በዚያችው ከተማ ተራ ጎረቤት አድርጋ በማስቀረት ነው። ተጸጸተችበት የተባለውን በደል በዚያው ሰዓት ደገመችው፤ ድርሰቱ ግን እንደ ፍትሕ ቈጠረላት። «የሕዝቡ ቁጣ በፊታቸው ታይቷል» የሚሉ አሉ። አዎን፥ ፊታቸው ታየ፤ አፋቸው ግን ተዘጋ።

«ልብ ወለድ ነው፥ ምን አስጨነቀህ?» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የገባው በምሳሌ ነበር፤ የድሃውን ሰው አንዲት በግ ታሪክ ይዞ (2ኛ ሳሙ. 12)። ያ ምሳሌ ንጉሡን ከፍርድ ወንበሩ አውርዶ ተከሳሽ አደረገው። እንግዲህ ታሪክ በደላችንን ሊገልጥብን ይችላል፤ ሊሸፍንልንም ይችላል። ስለዚህ የምናየውን ልንመረምር ይገባናል።

እዚህ ወለጋ የጉማን ሥርዓት እናውቃለን። ደም ሲፈስ የበዳይ ወገን በሽማግሌዎች አማካይነት ወደ ተበዳይ ወገን ይልካል፤ በደሉ ይታመናል፥ ካሣ ይከፈላል፥ ከዚያም ዕርቅ ይወርዳል። ይቅርታው የተበዳይ ነው እንጂ የአላፊ አግዳሚ አይደለም። ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በመጸጸት ብቻ አላበቃም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። በቤተ ክርስቲያናችንም ንስሐ የገባ ሰው ይናዘዛል፥ ቀኖናውን ይፈጽማል፥ የቀማውንም ይመልሳል።

ወገኖቼ፥ ባለፉት ዓመታት ሐዘን ያልገባበትን ቤት በአካባቢያችን መፈለግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም። ሐዘን የበደል ፈቃድ ከሆነ ሁላችንም ፈቃድ አለን ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የእኔ ዕንባ የጎረቤቴን ልጅ ያስለቅሳል፥ የእርሱም ዕንባ የእኔን። ያዘነውን እናጽናና፤ ያዘነው ሲበድል ግን አብረነው አልቅሰን ወደ ተበደለው ደጅ እንምራው። በዚያ ምሽት ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁና ይህን አስቀድሜ ለራሴ እላለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።