የማይታየውን በሲኒማ ስለ ማሳየት

ጅብ በሌሊት ከደጅ ሲጮኽ የሚሰማ ሰው፣ ያንኑ ጅብ በቀን ከሚያየው ሰው ይልቅ ይፈራል። ዓይን ያየችውን ነገር ልብ ይለካዋልና። አሜሪካዊው ደራሲ ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት (1890–1937፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልብ ወለዶቹን የመሠረተው በዚህ ሊለካ በማይችል ፍርሃት ላይ ነው። በድርሰቶቹ ውስጥ ጠፈር ለሰው ልጅ ደንታ የለውም፤ ከሰው በፊት የነበሩ፣ ስምና መልክ የማይገኝላቸው ፍጥረቶችም አሉበት። እንዲህ ያለውን ድርሰት ወደ ሲኒማ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ምን ያድርግ? የእኔ አሳብ፣ ከሚያሳየው የሚሰውረው ይብለጥ የሚል ነው፤ ለዚህም ሥራ የሪያድ ፊልም ሠሪዎች ከሌላው ይልቅ የቀረቡ ይመስሉኛል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ላቭክራፍት የዐረብን አገር ከቶ ሳይረግጥ፣ በ1921 በዚያ በረሃ ስለ ፈረሰች ስም የለሽ ከተማ ጻፈ። ኔክሮኖሚኮን የተባለም መጽሐፍ በአሳቡ ፈጠረ። የመጽሐፉ ደራሲ የሰንዓ ባለቅኔ እንደ ነበረ፣ በደቡቡ ታላቅ በረሃ ዐሥር ዓመት ብቻውን እንደ ኖረ፣ በ738ም በደማስቆ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት፣ በማይታይ አውሬ እንደ ተበላ ተረከ። በረሃው ግን እውነተኛ ነው፤ ሩብ አል ኻሊ ይባላል፤ ስፋቱም 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለባለቅኔው የሰጠው «አብዱል አልሐዝረድ» የሚለው ስም የዐረብኛን ሰዋስው ይጥሳል፤ «አል» የሚለው ቃል ያላግባብ ተደግሞበታልና። «እብድ ዐረብ» የሚለውም ቅጽል ከሩቅ የሚመለከት ሰው ንቀት ነው። አገሩን የሚያውቅ አዘጋጅ ፍርሃቱን ጠብቆ ስሕተቱን ሊያርም ይችላል።

ማሳየት የሚያመጣውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በ1927 የታተመው ታሪክ ማንም ሰው የማያውቀውን ቀለም ይዞ ከሰማይ ስለ ወደቀ ድንጋይ ይናገራል። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው፤ ሪቻርድ ስታንሊ ግን በ2019 ፊልሙን ሲሠራ አንድ ቀለም መምረጥ ግድ ሆነበትና ማጀንታን መረጠ። ምርጫው ብልኀት አለበት፤ ማጀንታ በቀስተ ደመና ውስጥ የራሱ ስፍራ የሌለው፣ ዓይን ከቀይና ከሰማያዊ ብርሃን አዋሕዳ የምታየው ቀለም ነውና። ሆኖም ተመልካቹ አንድ ጊዜ ካየው በኋላ ስም ያወጣለታል፤ ፍርሃቱም ይቀንሳል።

ገንዘብም ይህን ችግር አይፈታውም። የጊዬርሞ ዴል ቶሮ «የእብደት ተራሮች» 150 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅና ለአዋቂዎች ብቻ የታሰበ ስለ ነበረ ዩኒቨርሳል ኩባንያ በ2011 ተወው። በ2005 ግን የደራሲው ወዳጆች «የክቱሉ ጥሪ»ን በጥቂት ገንዘብ፣ ድምፅ በሌለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርተው ተመሰገኑ።

ወደ ሪያድ እንመለስ። በሳዑዲ ዐረቢያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግተው የነበሩት ሲኒማ ቤቶች በሪያድ የተከፈቱት ሚያዝያ 18 ቀን 2018 «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሃይፋ አል መንሱር በ2012 የወጣውን «ዋጅዳ»ን በሪያድ ስትሠራ፣ በአንዳንድ ሰፈር ከመኪና ውስጥ ሆና በሬዲዮ ታዝዝ ነበር። በ2023 ደግሞ መሽዓል አል ጃስር በ«ናጋ» ፊልሙ ከከተማው ውጭ በሌሊት በበረሃ የቀረችን ልጃገረድ አሳየ። አባቷ የወሰነላት ሰዓት ይደርስባታል፤ የተቈጣች ግመልም ታሳድዳታለች። ከከዋክብት የመጣ ጭራቅ ሳያስፈልግ፣ በረሃውና ጨለማው ራሳቸው ድንጋጤ ሆኑ።

ጠፈርን ባዶ አድርጎ የሚያይ ድርሰት በአማኞች አገር ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ሰው በፍጥረት ስፋት ፊት ትንሽ መሆኑን ማወቅ ግን ለአማኝ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ይሁን እንጂ አዘጋጁ የደራሲውን ጨለማ በራሱ ስብከት ሊሸፍነው አይገባም፤ ያን ጊዜ ሌላ ድርሰት ይሆናልና። ተመልካቹ የደራሲውን አሳብ ሳይቀንስ ይስማ፤ ፍርዱንም ራሱ ይስጥ።

ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ሰው ምንም ሳያይ ይውጣን? አይደለም። የአሸዋውን ስፋት፣ የፈረሰውን በር፣ የሚሸሸውን ሰው ፊት ይይ፤ አውሬውን ግን ለራሱ ልብ ይተውለት። በደማስቆ የቆሙት የልብ ወለዱ ሰዎች ያዩት የሚበላውን ሰው እንጂ የሚበላውን አውሬ አልነበረም፤ የፊልሙም ተመልካች ከእነርሱ መካከል ይቁም።