የ«ዘ ዊች» ዝግታ፦ ጥበብ ነው ወይስ ጉድለት?

የሮበርት ኤገርስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ዘ ዊች» እ.ኤ.አ. በ2015 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በ1630ዎቹ በኒው ኢንግላንድ ከሰፈራ መንደር ተባርሮ በጫካ ዳር የሚኖርን የፒዩሪታን ቤተሰብ ይከተላል። ሐያሲዎች አወደሱት፤ ሲኒማ የገባው ተመልካች ግን በሲኒማስኮር መጠይቅ ሲ ማይነስ ሰጠው። ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም

ዝግ ብሎ የሚሄድ አስፈሪ ፊልም ተመልካቹን የሚይዘው በጥርጣሬ ነው። የሮማን ፖላንስኪ «ሮዝሜሪስ ቤቢ» (1968) ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሆኖም ነፍሰ ጡሯ ሴት በጎረቤቶቿ ላይ ያደረባት ስጋት እውነት ይሁን ቅዠት ለረጅም ጊዜ ስለማንለይ፣ ተራው የጎረቤት ደግነት ሁሉ ያስጨንቃል። «ዘ ዊች» ይህን መሣሪያ ገና ከጅምሩ ይጥለዋል። ሕፃኑ ሳሙኤል ከእኅቱ ከቶማሲን ፊት በተሰወረ በደቂቃዎች ውስጥ ጠንቋይዋ ምን እንዳደረገችው በዓይናችን እናያለን። ቤተሰቡ «ተኩላ ወሰደው» ብሎ ራሱን ሲያጽናና እኛ መልሱን ይዘን እንጠብቃለን። ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁትን ማወቅም ልብ ይሰቅላል የሚል ካለ፣ ልክ ነው፤ ግን አደጋው በማን ላይ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ ሲያሳስበን ነው። እዚህ ግን መሐል ያለውን ጊዜ የሚሞላው ጸሎት፣ እንጨት ፈለጣና የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። መጠበቅ ብቻውን ፍርሃት አይሆንም።

ሁለተኛው እንቅፋት ፊልሙ ለዘመኑ ታማኝ ለመሆን የከፈለው ዋጋ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው ከጥንት ማስታወሻዎችና የፍርድ ቤት መዛግብት የተቀዳ ነው፤ ትዕይንቶቹም በብዛት የተቀረጹት በተፈጥሮ ብርሃንና በሻማ ነው። ልፋቱ ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ፍርሃት ከማሰብ ቀድሞ የሚደርስ ስሜት ነው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው እንኳ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለመፍታት ሲታገል ለመደንገጥ ፋታ አያገኝም። ሐያሲ በዓመት እጅግ ብዙ ፊልም ስለሚያይ የተለመደው ሰልችቶታል፤ ከለመደው የተለየ ነገር ሲያገኝ ቢደሰት አይፈረድበትም። ተመልካቹ ግን ትኬት የቆረጠው ለመፍራት ነው፤ የዘመን ጥናት አልጠየቀም። አንድ ሥራ የተመሰገነ ስለሆነ ብቻ ያልተነካበት ሰው የራሱን ስሜት እንዲጠራጠር ማድረግ ደግሞ ከሒስ ይልቅ ወደ ማሸማቀቅ ያደላል።

ዝግታው ራሱ ሥራው ነው

የሙግት ባልንጀራዬ ጥርጣሬውን የፈለጉት በሌለበት ቦታ ነው። ኤገርስ ጠንቋይዋን ቀድሞ ያሳየን «አለች ወይስ የለችም?» የሚለውን ጥያቄ ዘግቶ ሌላ ሊከፍት ነው፦ ይህ ቤተሰብ ራሱን በራሱ የሚያፈርሰው እንዴት ነው? አባትየው ዊሊያም የሚስቱን የብር ዋንጫ በድብቅ ሸጦ የአደን ወጥመድ ይገዛል፤ ዋንጫው ሲፈለግ ጥፋቱ በቶማሲን ሲላከክ እያየ ዝም ይላል። ልጁ ካሌብ የአባቱን ምስጢር ለመሸፈን ስለ ፖም ፍለጋ ይዋሻል፤ በኋላ በጣር ላይ ሳለ ከአፉ የሚወጣው ፖም ነው። ቶማሲን ታናሿን ለማስፈራራት «ጠንቋይዋ እኔ ነኝ» ያለችው ቃል ተመልሶ መክሰሻዋ ይሆናል። እንጨት ፈለጣውና ጭቅጭቁም ባዶ ጊዜ አይደሉም፤ ሰብሉ የበሰበሰበት፣ ልጆቹን መመገብ ያቃተው፣ በትዕቢቱ ከመንደር ያስባረራቸው አባት ነው እንጨቱን የሚፈልጠው። እነዚህ ጥቃቅን ውሸቶች ተደራርበው እስኪከብዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቢቻኮል ከነዚህ አንዱም ቦታ አይኖረውም ነበር።

ስለ ቋንቋው የተነሣውም ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ለመረዳት የሚያስቸግር ንግግር በእርግጥ ያደክማል። ነገር ግን ካሌብ ሳይጠመቅ የጠፋው ወንድሙ ሲኦል ገብቶ እንደሆነ አባቱን ሲጠይቅና አባቱ የሚያጽናና መልስ ሲያጣ የፊልሙ ትልቁ ፍርሃት ይገለጣል። ለእነዚህ ሰዎች መዳን የእግዚአብሔር ምርጫ ነው፤ መመረጡን በርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ያው ጥያቄ በዛሬ አነጋገር ቢቀርብ የታመመ አእምሮ ቅዠት ይመስል ነበር፤ በዘመኑ ቃል ሲነገር ግን እምነት ሆኖ ይሰማል። ያ እምነት በ1692 በሴለም 19 ሰዎችን በጥንቆላ ክስ ለስቅላት እንደዳረገ ታሪክ ይመሰክራል። ሲ ማይነሱም ቢሆን የመጀመሪያ ቀን ተመልካች ከጠበቀው አንጻር የሰጠው ፍርድ ነው፤ በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ፊልም ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ማስገባቱ ደግሞ ከሐያሲ ሌላም ወዳጅ እንዳለው ይጠቁማል። ፊልሙ ያልያዘው ሰው መብቱ ነው፤ «አልያዘኝም» ማለት ግን «ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ዲያብሎስ ለቶማሲን የሚያቀርብላት ቅቤ፣ ያማረ ቀሚስና ዓለምን ማየት ነው። ዙፋንም ሀብትም አይደለም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ረሃቧንና የተጣለባትን ክስ ባናይ ኖሮ ቅቤ ነፍስን የሚያስሸጥ ፈተና ሊሆን አይችልም ነበር። ይህ እጅግ ትንሽ ዋጋ እንዲያስደነግጠን ያደረገው ሙግት የተነሣበት ያው ዝግታ ነው።